መካኒኩ አልቀይርም ያለው ቫልቭ

ይህ ነገር የደረሰብኝ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም.፣ ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት፣ እዚሁ እስራኤል፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ ውስጥ ነው። አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። ከአእምሮዬ ያልጠፋው አንድን ሰው ሌባ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ያህል ስለጠረጠርኩት ነው። ሰውየው ምን ሲጠብቅ እንደነበር ግን አላወቅሁም።

ጽሑፍ አልለመድኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ እዚያ የጻፍኩት ሁሉ በዕብራይስጥ ነው። የአማርኛ ፊደል ያስቆጠረኝ ታላቅ ወንድሜ አስረስ ነው፤ ሱዳን መጠለያ ውስጥ ሳለን፣ በእንጨት አሸዋ ላይ እየጻፈ። ብሳሳት ይቅር በሉኝ።

አስረስ በስምንት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አባታችን በጎንደር ገጠር ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ወንድሜ በእጁ ሥራ በእሳቸው የወጣ ነው። እዚህ እንደመጣን በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ገባ፤ ብረት በሚቀርጽ ማሽን ላይ ይሠራ ነበር። ከጊዜ በኋላ አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ገዛ። በሕንጻችን ከኢትዮጵያ ከመጡት ቤተሰቦች መካከል መኪና ያለው እሱ ብቻ ነበር። ምጥ የያዛትንም፣ ዘመድ ሊቀበል አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደውንም የሚያደርሰው እሱ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሥራ ላይ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለች። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። አሞኝ ሲል ሰምተነው አናውቅም።

ዘመዶቻችን በብዛት ያሉት በደቡብ፣ ቤር ሼቫ ከተማ ስለሆነ ወስደን እዚያ ቀበርነው። ሰባቱንም የሐዘን ቀን የተቀመጥነው አጎቴ ቤት ነው። በዚህ አገር ሰው ሲሞት ስሙ ጠርዙ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ ታትሞ በሰፈሩ ግድግዳ ይለጠፋል። እኛ ያኔ ይህን አናውቅም። የነገረንም የለም። ስለዚህ ፔታ ቲክቫ ውስጥ የአስረስ ስም የተለጠፈበት ግድግዳ አልነበረም።

መኪናዋ አሥራ አንድ ወር ከሕንጻው ሥር ቆመች። እናቴ በአሮጌ አንሶላ ሸፍናት ነበር፤ ነፋስ ሲገልጠው እየወረደች ታለብሳታለች። እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ቀን፣ እንኳን ደስ አለህ እንኳ ሳትለኝ፣ «የዓመቱን ተዝካር በእሱ መኪና ታደርሰኛለህ» አለችኝ። እናቴ እግሯ ከሱዳኑ መንገድ ጀምሮ ያብጣል። አውቶቡስ መቀያየር አትችልም። ለተዝካሩ የምንጭነውም ብዙ ነው። እሺ አልኳት።

አንሶላውን ገፍፌ፣ የጎረቤት ባትሪ ተውሼ ሳስነሳት ተነሳች። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች። መብራት ይዞኝ ስቆም ትጠፋለች። ከፊት መክደኛው ሥር የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። አንድ ቀን ጌሃ በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከኋላዬ ትልቅ የጭነት መኪና እየመጣ፣ ጥፍት አለችብኝ። ሾፌሩ ጥሩንባውን እያስጮኸ በጎኔ አለፈ። ብቻዬን ነበርኩ። እናቴ አጠገቤ ብትሆንስ ኖሮ? ወደ ጋራዥ የሄድኩት ይህን እያሰብኩ ነው።

ከመሄዴ በፊት ጎረቤታችንን አያ ዘለቀን አማከርኳቸው። አያ ዘለቀ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። መኪና ነድተው አያውቁም፤ ምክር ግን አያጡም።

«ስማ ልጄ» አሉኝ። «ጋራዥ የገባ መኪና እንደ ተዋሱት በሬ ነው። ሲመልሱልህ እግሩን ብቻ ቆጥረህ አትረከብ፤ አፉን ከፍተህ ጥርሱንም እይ።»

«በሬ ሞተር የለውም እኮ አያ።»

«ለዚህ ነዋ ከውስጡ የማይሰርቁት!»

ሳቅን። ግን ቃላቸው ውስጤ ቀረ። ጎንደር እያለን ብረት ስለምንሠራ ጎረቤቶቻችን ቡዳ ይሉን ነበር። የሰው ልጅ ሲታመም ዓይን ሁሉ ወደ እኛ ቤት ይዞር ነበር። እኛ ቤተ እስራኤል ነን፤ እዚህ ስንመጣ ደግሞ የአገሩ ሃይማኖት አለቆች አይሁዳዊነታችሁ ይጣራ አሉን። እየተጠረጠረ ያደገ ሰው መጠርጠር ለመማር አስተማሪ አያስፈልገውም።

በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ የአንድ ጋራዥ ካርድ አገኘሁ። ጋራዡ ወደ ጋኔይ ቲክቫ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባለቤቱ ናኢም ይባላል፤ ከኢራቅ የመጣ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ ወፍራም ሰው። መኪናዋን ገና ከበሩ ሲያያት የያዘውን ጨርቅ ጥሎ እየሳቀ መጣ።

«አስረስ! አንተ ጉደኛ!» እያለ ነው የመጣው።

እኔ ስወርድ ቆመ።

«ወንድሙ ነኝ» አልኩት።

«እሱስ የታለ?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። አንድ ወጣት ብቻውን፣ በቁሙ፣ ሥራ ይዞ ለቆመ ሰው «ሞቷል» አይልም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ማለዳ፣ ሰውየውን አስቀምጠው፣ የሚይዘው ሰው አጠገቡ አድርገው ነው የሚነግሩት። ሱዳን በረሃ የሞቱ ዘመዶቻቸውን እስከ ዛሬ ያልተረዱ ሰዎች አሉ፤ የሚነግራቸው ሽማግሌ እስኪሟላ እየተባለ። እኔም በዚህ ነው ያደግኩት። ደግሞም፣ አልዋሽም፣ ሌላም ነገር አሰብኩ። የመኪናዋ ባለቤት መሞቱን ካወቀ ያታልለኛል አልኩ።

«ሰሜን ነው ያለው። ለሥራ ሄዷል» አልኩ።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

ናኢም ግን ደስ ያለው አልመሰለኝም። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። «በሰደር» አለ፣ እሺ ማለቱ ነው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። እኔም ያዝኩበት። ሰው ደህና ነው ሲባል የሚከፋው ምን የሠራ ሰው ነው?

የፊቱን መክደኛ ከፍቶ ከሞተሩ ራስ ላይ ከጎማ ቱቦ ጫፍ አንዲት የአውራ ጣት የምታክል ነገር ነቀለ።

«ይኸውልህ» አለ። «ይሄ የሞተሩ መተንፈሻ ቫልቭ ነው። ሞተር ውስጥ ጭስ ይጠራቀማል። በዚህ በኩል ይወጣና ተመልሶ ገብቶ ይቃጠላል። ይሄ ሲያረጅ ሞተሩ ይታፈናል።» ጆሮዬ ሥር አምጥቶ ነቀነቀው። «ምን ትሰማለህ?»

«ምንም።»

«ቂጭ ቂጭ ማለት ነበረበት። ዘይቱ ተጋግሮ ይዞታል። ከቆመችም ብዙ ጊዜዋ ነው፣ አይደል?»

«እንግዲያው ቀይረው።»

«ሬጋ፣ ሬጋ፤ ቆይ እስቲ።» ቫልቩን በጣቱ አገላብጦ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። «ወንድምህ መቼ ነው የሚመለሰው?»

«አላውቅም።»

«እሱ ሳይመጣ አልቀይረውም።»

«መኪናዋን የምነዳት እኔ ነኝ እኮ።»

«መንዳት ሌላ፣ ባለቤት ሌላ ነው፣ ሐቢቢ።»

በቤንዚን አጠበው፤ ነፋበት፤ አደረቀው፤ መልሶ ገጠመው። ስንት ነው ስለው በእጁ ሂድ ሂድ አለኝ። ይህም አልገባኝም። አርጅቷል ያለውን ዕቃ የማይሸጥልህ መካኒክ፣ የሠራበትንም የማይቀበልህ መካኒክ፣ ምን ዓይነት መካኒክ ነው? ቤት ደርሼ ለእናቴ «ሰውየው የደበቀው ነገር አለ» አልኳት። እናቴ ሥራዋን ቀጠለች። ያን ጊዜ ብዙ አትናገርም ነበር።

መኪናዋ አምስት ቀን ደህና ሄደች። በስድስተኛው ቀን፣ አትክልት ላመጣ ገበያ ስሄድ፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደገና ጠፋች። ተመልሼ ናኢም ዘንድ ሄድኩ። እንደገና አጠበው። አሁንም ቀይረው አልኩት። አሁንም «ወንድምህ ይምጣ» አለ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ እኔን ሳያየኝ፣ «ስለ እኔ ምንም ብሎህ አያውቅም?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምን ይለኛል?»

«ምንም። ያላ፣ ሂድ።»

ከዚያን ቀን በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን አይሆንም። ስለ እኔ ምን አለህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚፈራው ነገር ያለው ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። ተዝካሩ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከገበያው አጠገብ ወዳለ ሌላ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ወጣት ነው፤ ማስቲካ እያኘከ ያወራል። ቫልቩን ነቅሎ፣ ቫልቩ የተቀመጠበትን ቦታ በባትሪ መብራት አየና አፏጨ።

«ይሄን ማነው የገጠመልህ?»

«ምኑን?»

«ይሄን የነሐስ ቀለበት። የመኪናዋ የራሷ መቀመጫ የለም። አውጥተውታል። ይሄ ከየትም ሱቅ የተገዛ አይደለም፤ በእጅ የተሠራ ነው። አንዱ ዋናውን ወስዶ በፈለገው ነገር ደፍኖልሃል፣ ወንድሜ። ጥሩ አድርጎ በልቶሃል።» ሳቀ። «ነገ አምጣት፣ አዲስ ከነመቀመጫው እገጥምልሃለሁ።»

እውነቱን ልናገር። ደስ አለኝ። ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ የምቆጣው ሰው አልነበረኝም። ሐኪሞቹ ልብ ነው አሉ። ፋብሪካው አዘነልን። ቄሶቹ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አሉን። አሁን ግን አንድ ሰው አገኘሁ። ወንድሜ ያመነው፣ እየሳቀ የተቀበለው፣ ዕቃውን ግን የሰረቀው ሰው። ነገ አላመጣትም አልኩት ለወጣቱ። ማስረጃው ካለበት እንዲነቃነቅ አልፈለግሁም።

ማግስቱ ዓርብ ነበር። ሰው ሁሉ ሰንበት ሳይገባ መኪናውን ሊወስድ ናኢም ጋራዥ ተሰብስቧል። እኔ በሩ ላይ መኪናዋን ገትሬ፣ መክደኛውን ከፍቼ፣ በዕብራይስጥ «ሌባ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰው ዞረ። ከዚያ ቀጥሎ ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም። ዋናውን ዕቃ የት አደረስከው አልኩት። የወንድሜን መኪና አልኩት።

ናኢም ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ራዲዮውን አጠፋና ወደ እኔ መጣ።

«እሱ ነው እንዲህ ያለህ? ናኢም ሰረቀኝ አለህ?»

«እሱ ምንም አላለኝም። እኔው ነኝ የደረስኩበት።»

ረጅም ትንፋሽ አወጣ። እፎይ ያለ መሰለኝ።

«ያን ቀለበት የሠራው ወንድምህ ነው» አለኝ።

ከዚያ ሰው ሁሉ እየሰማ ነገረኝ። ባለፈው ዓመት ጸደይ ላይ የቫልቩ መቀመጫ ተሰነጠቀ። አዲሱ ዕቃ አገር ውስጥ አልነበረም። ናኢም ከውጭ እስኪመጣ ጠብቅ አለው። አስረስ ግን «እኔ እሠራዋለሁ» አለ።

«እኔም ሳቅሁበት» አለ ናኢም። «እንደዛሬው ደንበኛ ሞልቶ ነበር። አባታችሁ ብረት ሠሪ እንደነበሩ አጫውቶኝ ያውቃል። ይሄ ማረሻ አይደለም አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ልኩን ለክቶ ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ በምሳ ሰዓቱ ፋብሪካው ውስጥ ቀርጾ፣ ይህን ይዞልኝ መጣ። ስገጥመው ልክክ አለ። ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ አላየሁም። ግን አፌ አላርፍ አለ። ጎበዝ ማለት ሲገባኝ፣ እውነተኛው ዕቃ ሲመጣ ይሄን አውጥተን እንጥለዋለን አልኩት። አየኝ። ደህና ዋል ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። እዚህ ዓርብ ዓርብ ከሥራ በኋላ ሻይ የማይጠጣበት ሳምንት አልነበረም። ዓመት ሙሉ አልመጣም።»

ወደ ተከፈተው ሞተር ተመለከተ።

«አንተ መጥተህ ደህና ነው ስትለኝ፣ እንግዲያው ተቀይሞኛል አልኩ። በሕይወት እያለ፣ ደህና ሆኖ ሳለ፣ መኪናውን በወንድሙ እጅ የሚልክ ሰው ሌላ ምን ይሆናል? አሁን ደግሞ ሳልጠይቀው ሥራውን ነቅዬ ብጥልበት ምን ይለኛል?»

ያን ጊዜ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም። የቆሙት ሰዎች ሁሉ ያዩኛል። ገብቼ ሞተሩን አስነሳሁ። ጠፋች። እንደገና አስነሳሁ። ሄድኩ።

ቤት ስገባ እናቴ ለሰንበት ቤቱን ታጸዳ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ማረሻው፣ ሌባ ብዬ ስለ መጮኼ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የያዘችው ሌላ ነገር ነው።

«ቆይ» አለችኝ። «ሰውየው መርዶ አልደረሰውም?»

«አልደረሰውም።»

«ደህና ነው አልከው?»

«አዎ።»

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። «ሰው ልጄን ዓመት ሙሉ በር በሩን እያየ ሲጠብቀው አንተ ደህና ነው አልከው? አስረስ እንዲህ ያለ ወዳጅ ኖሮት ሳናረዳው? ምን ዓይነት ሰዎች ሆንን?» አለች። ከዚያ «አያ ዘለቀን ጥራልኝ» አለችኝ።

አያ ዘለቀ መጥተው ሰሙ። ስለ በሬው አልቀለዱም። «ሰንበት ይውጣና እሑድ ማለዳ እንሄዳለን» ብቻ አሉ።

እሑድ ሲነጋ ሦስታችን ተነሳን። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከፊት ተቀመጠች። አያ ዘለቀ ከኋላ ሆኑ። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ጠፋች። በሁለተኛው ጊዜ ከኋላችን አውቶቡስ ነበር። እናቴ ዳሽቦርዱን በሁለት እጇ ያዘች፤ አልጮኸችም። አያ ዘለቀ ከኋላ «ቀስ ልጄ፣ ቀስ» ይላሉ።

ናኢም የብረቱን መዝጊያ እየጠቀለለ ወደ ላይ ሲያነሳ ደረስን። መጀመሪያ እኔን አየኝ፤ ቀጥሎ አያ ዘለቀን ከነበትራቸው፤ ቀጥሎ እናቴን። ሳቅ አለ።

«ለአንድ ቫልቭ ሽማግሌ ይዘህ መጣህብኝ? አስረስ ነው የላካችሁ? ጥሩ፣ ጥሩ፣ ግቡ። ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወደ መኪናዋ ውስጥ አየ። «እሱ ግን የታለ? አፍሮ ተደበቀ?»

አያ ዘለቀ «ይቀመጡ በለው» አሉኝ።

በዕብራይስጥ ነገርኩት።

«ቆሜ እሰማለሁ፣ ምን ቸገረኝ።»

«አይሆንም። ይቀመጡ በለው።»

አንድ የጎማ ቁልል ላይ ተቀመጠ። አያ ዘለቀ አጠገቡ ቆሙ፤ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። በአማርኛ፣ በአገራችን ደንብ፣ ከሩቅ ጀመሩ። ሰው ሁሉ እንግዳ መሆኑን፣ እግዚአብሔር የሰጠውን መልሶ እንደሚወስድ ተናገሩ። እኔ ለመተርጎም ተዘጋጅቼ ነበር። ግን አልደረስኩም። ናኢም የእናቴን ፊት አየ፤ ነጠላዋን አየ። ቋንቋ አላስፈለገውም።

በዘይት የተለወሰ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ከዚያ «መቼ?» አለ።

ነገርኩት። በጣቶቹ ቆጠረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ቀለበቱን በገጠምኩ በአራተኛው ቀን» አለ። «ዓርብ ሊመጣ አይችልም ነበር። ዓርብ በሕይወት አልነበረም።»

እናቴ ወደ እሱ ሄዳ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ግንባሩ ላይ የቀረውን ዘይት ጠረገችለት። «አልተቀየመህም በለው» አለችኝ። «የተቀየመው ሰው ቢኖር ለእኔ ይነግረኝ ነበር። የሚያስቀው እንጂ የሚያስቀይመው አልነበረም በለው።» ተረጎምኩ። እየተረጎምኩ አለቀስኩ። በቀብሩ ቀን እንኳ አላለቀስኩም ነበር። እናቴ ያን ጊዜ አልቅስ ስትለኝ እምቢ ብዬአት ነበር።

ናኢም የብረቱን መዝጊያ መልሶ አወረደው። የዚያን ቀን ለሌላ ሰው አልከፈተም። ረፋዱ ላይ፣ ውሃ ጠጥተን ከተቀመጥን በኋላ፣ ራሱ ተነሳና የመኪናዋን መክደኛ ከፈተ። ቫልቩን ከነቀለበቱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

«አሁን ባለቤቷ አንተ ነህ» አለኝ። «ያ ከውጭ ይጠበቅ የነበረው አዲሱ ዕቃ አሁን መጥቶልኛል፤ ከነመቀመጫው ስለሆነ የወንድምህ ቀለበት አብሮት አይገጥምም። ከፈለግህ አጥበዋለሁ። ምናልባት ሁለት ሳምንት ትሄዳለች። ምናልባት መንገድ መሐል ትቆማለች። ቀይር አልልህም፤ አትቀይርም አልልህም። አንድ ጊዜ ተናግሬበታለሁ፤ ይበቃኛል።»

እናቴን አየኋት። «እኔን አትይ» አለችኝ።

ቀለበቱ ትንሽ ነው። ስስ ነው። አስረስ በምሳ ሰዓቱ፣ እንጀራውን ትቶ፣ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲቀርጸው አሰብኩ። ይህን ካወጣሁ ከመኪናዋ ውስጥ የእሱ የሆነ ምን ይቀራል? ደግሞ እናቴ ዳሽቦርዱን በሁለት እጇ ስትይዝ አሰብኩ። አስረስ መኪናዋን የገዛው ሰው ሊያደርስባት ነው። በእጁ የሠራው ነገር እናቱን መንገድ ላይ እንዲያስቀርበት አይፈልግም።

«ቀይረው» አልኩት።

አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሞተሩ ተነሳ፤ ጸጥ ብሎ ሠራ፤ አልተንቀጠቀጠም። ይህን ያህል ቀላል መሆኑ አናደደኝ።

ናኢም እጁን ታጥቦ መጣና፣ እያመነታ፣ «አሮጌውን ልውሰደው?» አለኝ። እዚህ ላይ የማፍርበትን ልናገር። ለምን ፈለገው አልኩ በልቤ። ነሐስ ነው፤ ይሸጣል አልኩ። ዓይኑ ገና በእንባ ቀልቶ እያየሁት ነው ይህን ያሰብኩት። ከዚያ ሰጠሁት።

ለተዝካሩ ቤር ሼቫ ስንሄድ ናኢም ሚስቱን ይዞ በራሱ መኪና ከኋላችን መጣ። መኪናዋ ብትጠፋ ብዬ ነው አለኝ። መንገዱን ሁሉ በመስታወት አየው ነበር። አንድም ጊዜ አልጠፋችም። አጎቴ ቤት ሲደርስ ከሽማግሌዎቹ መካከል አስቀመጡት፤ ዳቦውን አብሯቸው ቆረሰ። አንዲት ቃል አማርኛ አይሰማም፤ ሲያለቅሱ ግን አብሮ ያለቅሳል።

አሁን ምን ይሰማሃል ብትሉኝ፣ መጠርጠር ለቆኛል አልልም። ሱቅ ስገባ አሁንም መልሱን ሁለት ጊዜ እቆጥራለሁ። ናኢምን ሌባ በማለቴ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ስቆ አልፎታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ስድቡ አይደለም። አንድ ሰው ወዳጁን ቀብሮ ማልቀስ ሲገባው፣ ዓመት ሙሉ ምን ብዬ አስቀየምኩት እያለ ራሱን ሲወቅስ መኖሩ ነው። ደህና ነው ባልኩት ጊዜ ደግሞ ባሰበት።

ከዚያ ወዲህ በከተማው ስሄድ ሰው ሰው አያለሁ። ወንድሜ ከማን ጋር ሻይ ይጠጣ ነበር? ማንን አድርሶ ነበር? ነገ እመጣለሁ ያለው ለማን ነው? እኔ አዳሪ ትምህርት ቤት ስለነበርኩ አላውቅም። እናቴም ሁሉንም አታውቅም።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ። አያ ዘለቀ ይህን ቢሰሙ ይቆጡኛል። ግን ሽማግሌ ይዤ ልመጣበት የምችለውን የሁላችሁንም በር አላውቀውም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ከአስረስ ጋር ሱዳን በረሃ ውሃ የተካፈላችሁ፣ ፋብሪካ አብራችሁ የሠራችሁና ቦታ የቀየራችሁ፣ ደብዳቤ ጽፋችሁለት መልስ ያጣችሁ፣ ምን አደረግነውና ጠፋብን የምትሉ ካላችሁ፣ ምንም አላደረጋችሁትም። በማንም አልተቀየመም። ወንድሜ ሞቷል።